የቤት ጥገና በገዛ እጅ፦ ከመዶሻው በፊት ምክንያቱን ፈልጉ

አንድ የመኝታ ቤት ግድግዳ ሦስት ጊዜ ቀብቻለሁ። ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ቀለሙ ይነፋና ይላጣል። ፍቄ፣ ስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሼ ቀባሁት፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ተመልሶ ተነፋ። በሁለተኛው ጊዜ ጥፋቱን በቀለሙ ላይ አላክኩና የተሻለ ቀለም ገዛሁ። በሦስተኛው ጊዜ ግን ስፓቶላውን ስሰካ ልስኑ እንደ እርጥብ አሸዋ ረገፈ። ከግድግዳው ጀርባ ምን እንዳለ ያሰብኩት ገና ያኔ ነው። ከጀርባው መታጠቢያ ቤት አለ፤ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ በጣም በዝግታ ያንጠባጥብ ነበር። መጋጠሚያውን ለማስተካከል ግማሽ ቀን በቃ። ግድግዳው እስኪደርቅ ግን ሁለት ወር ጠበቅሁ።

የመሙላትና የመቀባት ሥራዬ ምንም አልነበረበትም፤ የተሳሳትኩት ቦታውን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች በየሥራው መጀመሪያ ምክንያቱ እንዴት እንደሚለይ እጽፋለሁ፤ ጥገናው ከዚያ ይቀጥላል።

ምንም ሳይበላሽ የሚሠራ ሥራ

ዛሬውኑ ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለ ፈልጉ። ማየት ብቻ አይበቃም፤ ዝጉት። ለዓመታት ያልተነካ መዝጊያ ይደርቃል፣ ይዝጋል፤ አልዞር የሚለው ደግሞ ቧንቧ ፈንድቶ ወለሉ በውሃ ሲጥለቀለቅ ነው። ከዘጋችሁት በኋላ አንድ ቧንቧ ክፈቱ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ውሃው ካልቆመ መዝጊያው ራሱ ጥገና ይፈልጋል። በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲህ ማንቀሳቀስ እንዳይደርቅ ይረዳዋል።

የብሬከሩን ሳጥንም እንዲሁ እወቁት። አንድ ሰው ሳጥኑ ጋ ቆሞ ተራ በተራ ያጥፋ፤ ሌላው በየክፍሉ እየዞረ የትኛው መብራትና የትኛው ሶኬት እንደጠፋ ጮክ ብሎ ይንገረው። ከእያንዳንዱ ብሬከር አጠገብ በማይለቅ ቀለም ጻፉበት። ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ እነዚህን ሁለት ቦታዎች ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ለመሣሪያ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ጠፍጣፋና መስቀለኛ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የሚጠብና የሚሰፋ መፍቻ፣ መዶሻ፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ስፓቶላና አንድ ጥቅል ቴፍሎን፣ ማለትም የቧንቧ መጋጠሚያ ማሸጊያ ጥብጣብ፣ ካላችሁ አብዛኛው ሥራ ይሠራል። መሰርሰሪያ ከጎረቤት መዋስ ይቻላል። የዓይን መከላከያ መነጽር ግን የራሳችሁ ይኑራችሁ፤ ጣሪያ ሲፋቅም ሆነ ግድግዳ ሲበሳ ወደ ዓይን የሚመጣ ነገር አይጠፋም።

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ

ብዙ ሰው ጠብታውን ይንቀዋል። ምን ያህል እንደሚባክን ለማወቅ ከሥሩ ዕቃ አስቀምጡና በ10 ደቂቃ የተጠራቀመውን ለኩ፤ ከዚያ በ144 አባዙት፤ የአንድ ቀን ብክነት ያ ነው። በ10 ደቂቃ 30 ሚሊ ሊትር ከሞላ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በዓመት ደግሞ ከ1,500 ሊትር በላይ ይሄዳል።

ቀጥሎ ውሃው ከየት እንደሚወጣ ለዩ። ቧንቧው ተዘግቶ ከአፉ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ውሃውን የሚዘጋው ጎሚኒ፣ ማለትም ትንሿ ክብ ጎማ፣ ወይም ጎሚኒው የሚያርፍበት መቀመጫ ተበልቷል። ቧንቧው ሲከፈት ከእጀታው ሥር የሚያረጥብ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ እጀታውን የሚያዞረው ዘንግ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ነው፤ የታችኛውን ጎሚኒ ብትቀይሩት አይቆምም። እጀታው ሩብ ዙር ብቻ የሚዞር ከሆነ በውስጡ ጎሚኒ ሳይሆን ሁለት የሴራሚክ ሰሌዳዎች የያዘ አንድ ወጥ ዕቃ አለ፤ እሱ እንዳለ ወጥቶ በተመሳሳዩ ይተካል። ብዙ ጊዜ እየተሽከረከረ የሚዘጋ ከሆነ ባለ ጎሚኒ ነው፤ የሚጠገነውም እንዲህ ነው፦

1. ውሃውን ዝጉና ቧንቧውን ክፈቱ፤ በመስመሩ የቀረው ውሃ ይውጣ።

2. የገንዳውን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ። ትንሿ ብሎን ወደ ፍሳሹ የምትገባው ሁልጊዜ ይህን ስትረሱ ነው።

3. እጀታውን የያዘችው ብሎን ብዙውን ጊዜ ቀይና ሰማያዊ ምልክት ካለባት ትንሽ ክዳን ሥር ናት። ክዳኗን በቀጭን ስለት ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ ብሎኗን ፍቱ፣ እጀታውን ሳቡ።

4. ከሥር ያለውን አካል በመፍቻ ፍቱ። የሚታየው ክፍል እንዳይጫር መፍቻው የሚነክሰውን ቦታ በጨርቅ ጠቅልሉ፤ በሌላ እጃችሁ ቧንቧውን አጥብቃችሁ ያዙ። ቧንቧው አብሮ ከዞረ ግድግዳው ውስጥ ያለው መጋጠሚያ ሊላቀቅ ይችላል።

5. የወጣውን ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል ፎጣ ላይ ደርድሩ፤ ወይም በየደረጃው በስልክ ፎቶ አንሱት።

6. አሮጌውን ጎሚኒ ገልብጣችሁ እዩት። ያረጀ ጎሚኒ ፊቱ ላይ እንደ ቀለበት የተቦረቦረ ክብ መስመር አለው፤ ጎማውም ደርቆ በጥፍር ሲጫኑት አይሰምጥም። ይዛችሁት ሂዱና በስፋትም በውፍረትም እኩያውን ግዙ። «ይኼም ይሆናል» የተባለ ጎሚኒ ብዙ አይቆይም።

7. ከመግጠማችሁ በፊት ትንሽ ጣታችሁን ወደ ቧንቧው ውስጥ አስገብታችሁ መቀመጫውን ዳስሱ። ለስላሳ መሆን አለበት። ሻካራ ወይም ጎድጓዳ ከሆነ አዲሱን ጎሚኒ በጥቂት ሳምንት ይቆርጠዋል፤ መቀመጫውን የሚያስተካክል ባለሙያ ማግኘት ወይም ቧንቧውን መቀየር ይሻላል።

8. መልሳችሁ ግጠሙ። ዋናውን መዝጊያ ከመክፈታችሁ በፊት ቧንቧውን በትንሹ ክፈቱት፤ አየሩ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሲዘጋም በኃይል አትጠምዝዙት፤ አዲስ ጎሚኒ በሁለት ጣት ይዘጋል።

መጋጠሚያ የምታስሩ ከሆነ ቴፍሎኑን ጥርሱ ላይ ከ3 እስከ 5 ዙር ጠቅልሉ። የጥርሱን ጫፍ ወደ እናንተ አዙራችሁ ሰዓት ቆጣሪ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው የሚጠቀለለው። በተቃራኒው ከሆነ ስታጠብቁት ይፈታል፤ «ቴፍሎን አድርጌም ያፈስሳል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

የማይታየውን ፍሳሽ ለማግኘት ቤት ውስጥ ያለውን ውሃ ሁሉ ዝጉ፣ ዋናው ግን ክፍት ይሁን። የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ፣ ለሁለት ሰዓት ማንም ውሃ እንዳይነካ አድርጉ፣ ከዚያ መልሳችሁ አንብቡ። ቁጥሩ ከሄደ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመጸዳጃው ማጠራቀሚያ ነው። ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምሩበትና ውሃውን ሳትለቁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቀለሙ ታች መቀመጫው ውስጥ ከታየ የማጠራቀሚያው የታችኛው መዝጊያ ጎማ አይገጥምም። ሲጸዳ የሚድን አለ፤ ካልዳነ መቀየሩ ከባድ አይደለም።

የደፈነና የሚሸት ፍሳሽ

ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው የተጠማዘዘ ቱቦ ሲፎን ይባላል። በጥምዝምዙ ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ይቀራል፤ ከፍሳሽ መስመሩ የሚመጣውን ሽታ የሚያግደው ያ ውሃ ነው። ብዙም በማይገባበት ክፍል ውስጥ መጥፎ ሽታ ካለ ከሁሉ በፊት አንድ ጆግ ውሃ ወደ ፍሳሹ አፍስሱ፤ ሲፎኑ ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ለደፈነ ፍሳሽ የጎማ መምጠጫ ከኬሚካል ይቀድማል። ጎማው እስኪሸፈን ውሃ ይኑር፤ ገንዳው ከላይ ትርፍ ውሃ የሚያስወጣ ቀዳዳ ካለው በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑት፤ አለዚያ ግፊቱ በዚያ ይወጣል። ካልሆነ ከሥር ባልዲ አስቀምጡና ሲፎኑን በእጅ ፍቱት፤ ጸጉርና ሳሙና የሚከማቹት እዚያው ነው። የፍሳሽ መክፈቻ ኬሚካል ከዚያ በፊት ከጨመራችሁ ሲፎኑን አትንኩት፤ ውስጡ ያለው ውሃ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። በረኪናን ከአቼቶም ሆነ ከሌላ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

የሚጎትት በር

በር ሲጎትት ሰው ወዲያው መላጊያ ያነሳል። መላጊያ የመጨረሻው ነው፤ የተላገ እንጨት አይመለስም። መጀመሪያ በሩን በከፊል ክፈቱና እጀታውን ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት። ከተንቀሳቀሰ የማጠፊያው ብሎኖች ላልተዋል፤ በአብዛኛው የላይኛው ማጠፊያ ነው። አጥብቋቸው። ብሎኑ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ አውጡት፣ ኮላ የነኩ የክብሪት እንጨቶች ቀዳዳው እስኪሞላ ሰካኩ፣ ሲደርቅ ትርፉን ቆርጣችሁ ብሎኑን መልሱት። ብዙ በር እዚሁ ላይ ይድናል።

ማጠፊያው ጠንካራ ሆኖ አሁንም ከጎተተ የሚነካበትን ቦታ በትክክል አግኙ። መቃኑን ጠመኔ ቀቡና በሩን ዝጉ፤ ጠመኔው በሩ ላይ የታተመበት ቦታ ነው የሚነካው። በዝናብ ወራት ብቻ የሚጎትት በር እርጥበት ጠጥቶ ያበጠ ነው፤ አሁን ብትልጉት ሲደርቅ ክፍተት ይኖረዋል። በደረቁ ወር ጠብቁና የበሩን ከላይና ከታች ያሉትን ጠርዞች ቀለም ወይም ቫርኒሽ ቀቡ። እነዚህን ሁለት ጠርዞች ማንም ስለማያያቸው ሳይቀቡ ይቀራሉ፤ እንጨቱ ውሃ የሚጠጣው ግን በእነሱ ነው። በቤቱ ያሉ ብዙ በሮች በአንድ ጊዜ መጎተት ከጀመሩ በሮቹን ተዉና ወደ ስንጥቁ ክፍል ውረዱ።

ግድግዳ መብሳት

በግድግዳ ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ይሄዳል። በእነዚህ መስመሮች ላይ አትብሱ። ከቧንቧ በላይና በታችም እንዲሁ።

ብሎን የሚይዝልን ፕላስቲክ በእኛ አፍ ፊሸር ነው። ስሙ የሰው ስም ነው፤ ጀርመናዊው አርቱር ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1958 የሠራው ነው። ብሎኑ ሲገባ ፕላስቲኩ ይሰፋና የቀዳዳውን ግድግዳ ይገፋል፤ ጥንካሬው ሁሉ ከዚያ ግፊት ይመጣል። ስለዚህ ቀዳዳው ከሰፋ ምንም አይዝም። ለ6 ሚሊ ሜትር ፊሸር 6 ሚሊ ሜትር የመሰርሰሪያ ፑንታ፣ ለ8 ደግሞ 8 ነው። ጥልቀቱን ለማወቅ ፊሸሩን ፑንታው ላይ ለኩና ከእሱ ጥቂት አሳልፋችሁ ፕላስተር ጠቅልሉበት። ስትበሱ ፕላስተሩ ግድግዳውን ሲነካ አቁሙ። ቀዳዳውን ከአቧራ አጽዱ፤ አቧራ ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ፊሸር ይንሸራተታል። ፊሸሩ ልስኑን አልፎ ብሎኬቱ ወይም ጡቡ ውስጥ መድረስ አለበት፤ መደርደሪያ ተገንጥሎ የሚወድቀው ልስን ብቻ ሲይዘው ነው። ሁለተኛውን ቀዳዳ ከመብሳታችሁ በፊት በውሃ ልክ አስተካክሉ፤ የዓይን ግምት ያታልላል።

ኤሌክትሪክ፦ ድንበሩ የት ነው?

አምፖል መቀየር፣ የተሰበረ የሶኬት ሽፋን መተካት፣ በሚፈቀድበት ቦታም ማብሪያ ማጥፊያ መቀየር በጥንቃቄ ይሠራል። ብሬከሩን አጥፉ፤ ሌላ ሰው እንዳያበራው ወረቀት ለጥፉበት። ከዚያ በቴስተር ፈትሹ፦ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በምታውቁት ሶኬት ላይ፣ ቀጥሎ በምትሠሩበት ላይ፣ በመጨረሻ እንደገና በመጀመሪያው ላይ። ሦስት ጊዜ የሚፈተሸው ቴስተሩ ራሱ ተበላሽቶ «የለም» ሊል ስለሚችል ነው። ይህን ደረጃ ማንም እንዲዘልል አልፈልግም።

ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ በሚበልጥ አምፔር መተካት ቤት ማቃጠያ መንገድ ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው፤ ትልቅ ብሬከር ሲገባ ሽቦው ግሎ ሽፋኑ ሲቀልጥ ዝም ብሎ ያያል። ምክንያቱን በሒሳብ ፈልጉ፦ በ220 ቮልት 2,000 ዋት ማሞቂያና 1,500 ዋት ማፍያ በአንድ ማራዘሚያ ላይ ከተሰኩ 16 አምፔር ያህል ይስባሉ። 10 አምፔር የሚል ማራዘሚያ ያንን አይችልም። ሶኬት ከጋለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ብልጭታ ካለ ወይም ቧንቧ ሲነካ ከነዘረ ብሬከሩን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። አዲስ መስመር መዘርጋትም ሆነ የብሬከር ሳጥኑን ፈትቶ ውስጡን መንካት የእናንተ ሥራ አይደለም።

እርጥብ ግድግዳ

ወደ እኔ ግድግዳ እንመለስ። እርጥበቱ ከክፍሉ አየር ነው ወይስ ከግድግዳው ውስጥ? ለማወቅ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ የአሉሚኒየም ወረቀት በእርጥቡ ቦታ ላይ አስቀምጡና አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር አሽጉት። ከ1 እስከ 2 ቀን ጠብቁ። ወደ ክፍሉ በሚያየው ፊት ላይ ጤዛ ካለ የክፍሉ አየር ነው የሚያረጥበው፦ የልብስ ማድረቂያ፣ ማብሰያ፣ የማይከፈት መስኮት። ወረቀቱ ሲነሳ ጀርባው እርጥብ ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ነው የሚመጣው።

ከግድግዳው የሚመጣ ከሆነ ቦታው ራሱ ይናገራል። ከወለሉ ተነስቶ አንድ ሜትር ያህል ድረስ እንደ ቀበቶ የተዘረጋና ነጭ የጨው ዱቄት ያለበት ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ነው። ከጣሪያ ጥግ የሚወርድ ከሆነ ጣሪያውን ወይም አሸንዳውን፣ ከመስኮት ሥር ከሆነ የመስኮቱን ዙሪያ፣ እንደ እኔው መሃል ላይ ብቻውን የተቀመጠ ከሆነ ቧንቧውን ፈትሹ። በውጭ በኩልም ዙሩ፤ ግድግዳውን ተደግፎ የተከመረ አፈር ወይም ወደ ቤቱ ያዘነበለ መሬት ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ለማስተካከልም አካፋ ይበቃል። ምንጩ ሳይቆም የሚቀባ ውሃ አያስገቤ ቀለም ውሃውን ወደ ጎን ይገፋዋል እንጂ አያጠፋውም።

ስንጥቅ

እንደ ጸጉር የቀጠነና የማይሰፋ ስንጥቅ ልስን ሲደርቅ የሚመጣ ነው፤ ይሞላል፣ ይቀባል። ሰፊውን ግን ከመሙላታችሁ በፊት አክርሙት። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ በእርሳስ ሰረዝ አድርጉና ቀኑን ጻፉ፤ መሃሉን አቋርጣችሁም ሁለት ነጥብ አድርጉና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር መዝግቡ። በየወሩ ለኩ። ካልተለወጠ ጫፎቹን በስፓቶላ ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ፣ አቧራውን ጠርጋችሁ፣ በውሃ አርጥባችሁ ሙሉት። እየሰፋ ከሄደ፣ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ እንደ ደረጃ ሰያፍ እየወረደ ብሎኬቶቹን ተከትሎ ከሄደ ወይም በሮችና መስኮቶች አብረው መጎተት ከጀመሩ መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል፤ መሐንዲስ ይየው።

ቀለም

ጥሩ የሚመስል ቀለም ሁሉ ከሥሩ ሰዓታት የፈጀ ዝግጅት አለው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ አራት ሳምንት ይድረቅ። የላላ ቀለም ይፋቅ፣ ቅባትና ሻጋታ ታጥቦ ይድረቅ፣ ጉድጓዱ በስቱኮ ይሞላ። ጥልቅ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ ከተሞላ ስቱኮው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በስስ ንብርብር፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው። ካለሰለሳችሁ በኋላ መብራት በግድግዳው ጎን ይዛችሁ አብሩበት፤ በቀጥታ ብርሃን የማይታይ ጉብታ በጎን ብርሃን ጥላ ይጥላል።

ያረጀ ቤት ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዱሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ይገባ ነበር፤ ዩናይትድ ስቴትስ ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። አቧራው በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። የተጠራጠራችሁትን ቀለም በደረቁ አትፈግፍጉት፣ በእሳትም አታቃጥሉት፤ ከመንካታችሁ በፊት አስመርምሩት።

አንድ ሊትር ቀለም እንደ ግድግዳው ሸካራነት ከ8 እስከ 12 ካሬ ሜትር ለአንድ እጅ፣ ማለትም ለአንድ ዙር ቅብ፣ ያዳርሳል። የግድግዳውን ስፋት በቁመቱ አባዙ፣ በርና መስኮቱን ቀንሱ፣ ለሁለት እጅ አስቡ። ለአዲስ ልስን የመጀመሪያው እጅ በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው መጠን በውሃ ይቅጠን፤ ልስኑ ጠጥቶት ቀጣዩን ይይዛል። መጀመሪያ ጣሪያ፣ ከዚያ በብሩሽ ጥጎቹ፣ ወዲያው ጥጉ ሳይደርቅ በሩሎ መሃሉ። ሩሎውን ወደ ደረቀ ቦታ አትመልሱት፤ ጠርዝ ይሠራል።

ስትጨርሱ ከተረፈው ቀለም ጥቂት በትንሽ የብርጭቆ ዕቃ አስቀሩና በደንብ ክደኑት። ላዩ ላይ የቀለሙን ቁጥር፣ የክፍሉን ስምና ቀኑን ጻፉ። የእኔ የመኝታ ቤት ቀለም ከአልጋው ሥር እንዲህ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ ከቀኑ ቀጥሎ «ከጀርባ ቧንቧ አለ» የሚል ጽሑፍ አለው።